ዳቦ ያልተቆረሰበት ጋብቻ

«ስሙ! ልብ ብላችሁ ስሙ! በዚህ ቤት ምስር ተቀቅሏል!»

ሽማግሌው ባጋዶስ ይህን ያወጀው ከግቢው መካከል ቆሞ፣ አገጩን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ፣ በትሩን ከንጣፉ ድንጋይ ጋር እያጋጨ ነው። በጉብዝናው ዘመን በቤተ መንግሥት የነገሥታትን መግባትና መውጣት ያውጅ ነበር። ነገሥታቱ አለቁ፤ ድምፁ አላለቀም። እመቤት ኢርዳባማ ከነድምፁ ወሰዱትና የቤታቸው መጋቢ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በሱሳ ከተማ ምስር እንዲህ ባለ ግርማ የሚቀርብበት ሌላ ቤት የለም።

አዋጁ የተነገረው ለአንድ ሰው ነበር። ሰውየው ከባጋዶስ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ከሮማኑ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተበጠሰ ልጓም ይጠግናል። ስሙ ደርዳስ ነው። መቄዶናዊ፣ የፈረሰኞች አለቃ፣ ደግሞም የቤቱ አማች። እመቤት ኢርዳባማ አማቻቸውን በቀጥታ አያናግሩትም። ባላቸው በጋውጋሜላ ሜዳ የወደቁት በዚህ ሰው ወገኖች ጦር ነውና፣ ለእሱ የሚሉት ሁሉ በባጋዶስ አፍ ያልፋል።

«ለመቄዶናዊው ንገረው፤ ምስሩ ይቀዘቅዛል» አሉ እመቤት ኢርዳባማ፣ ከደርዳስ ፊት ለፊት ቆመው።

«መቄዶናዊ ሆይ! ምስሩ ይቀዘቅዛል!»

«መጣሁ በላቸው» አለ ደርዳስ በተሰባበረ ፋርስኛው።

«እመቤቴ! መጣሁ ብሏል!»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬን አታደንቁረው።»

ፓርሚስ ከበሩ ጥላ ውስጥ ሆና ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ደርዳስ ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። እሱ አልሳቀም፤ ግን የግራ ቅንድቡ ትንሽ ከፍ አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱ የሚነጋገሩት እንዲህ ነበር፤ ቅንድብና ሻሽ እየተባባሉ።

ፓርሚስ የእመቤት ኢርዳባማ አንድ ልጅ ናት፤ የደርዳስም ሚስት። ሚስት የሆነችው በትእዛዝ ነው። ድል አድራጊው ንጉሥ እስክንድር ከህንድ ሲመለስ፣ ያሸነፈውንና የተሸነፈውን ሕዝብ በአንድ አልጋ ላይ ለማስተኛት ቆረጠ። መኮንኖቹን ሰብስቦ ከፋርስ መሳፍንት ሴቶች ልጆች ጋር በአንድ ድንኳን፣ በአንድ ቀን፣ በፋርስ ሥርዓት ዳራቸው። ወንበር ተደረደረ፤ ወንዶቹ ተቀመጡ፤ ጽዋ ተነሣ። ከዚያ ሴቶቹ ገቡና እያንዳንዷ ከተመደበላት ወንድ አጠገብ ተቀመጠች። ደርዳስ እጇን ይዞ ጉንጯን ሲስማት ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፓርሚስም «ይህ ሰው ጠልቶኛል» ብላ በልቧ ያዘችው።

በማግሥቱ በለስ በቆቡ ሞልቶ መጣ። ለምን እንዳመጣ በእጇ ምልክት ብትጠይቀው፣ የሚያውቃትን አንዲት የፋርስኛ ቃል አወጣ።

«ትእዛዝ ነው።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ። ቃሏም የቤት ቃል ሆና ቀረች። ትኩሳት ይዟት ራስጌዋ ቁጭ ብሎ ሲያነጋ፣ «ምነው አትተኛም?» ብትለው «ትእዛዝ ነው» አላት። እሷም የተቀደደ ካባውን ስትሰፋ ደርሶባት «ይህን ሥራ ለገረዶቹ አትተዪም?» ቢላት መልሷ ያው ነበር። ደግ ቃል ነበረች፤ ግን ተንኮል አለባት። ሰውን «እወድሃለሁ» ከማለት ታድናለች። ሁለቱም ዓመት ሙሉ ዳኑባት። ንጉሡ ባያዝ ኖሮስ ብሎ የጠየቀ የለም። ማን ይደፍራል? የጠየቀ ሰው መልሱን ሊሰማ ነው።

*

የንጉሡ ሞት ከባቢሎን የመጣው ጋማቸው በተሸለተ ፈረሶች ላይ ነው። ትኩሳት ነው አሉ፤ ወይን ነው አሉ፤ ሐዘን ነው ያሉም ነበሩ፤ የልብ ወዳጁ ከሞተበት ወዲህ ደህና አልነበረምና። የሱሳ ሰው ማዘን እንዳለበት ወይም ደስ ሊለው እንደሚገባ አላወቀም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ፊት ማየት ጀመረ። ጎረቤቱም ያየው ነበር።

እመቤት ኢርዳባማ የማንንም ፊት አላዩም። ወደ ማድቤት ገብተው ከትልቁ ምድጃ ፊት ተንበረከኩና አመድ በእጃቸው እየዘገኑ ፍሙን መሸፈን ጀመሩ። በዚያ አገር እሳት ቅዱስ ነው፤ ውሃ አይደፋበትም። ንጉሥ ሲሞት ግን በአመድ ይታፈናል፤ ሐዘኑ እስኪወጣም የሚበስል ነገር የለም።

«እማማ፤ ይህን ንጉሥ ጧት ማታ ይረግሙት አልነበረም?» አለች ፓርሚስ ደንግጣ።

«አሁንም እረግመዋለሁ። ትናንትም ረግሜዋለሁ፤ ነገም ከተነሣሁ እረግመዋለሁ።»

«ታዲያ እሳቱ ለማን ነው?»

እናትየው አመዱን በመዳፋቸው ጠፍጠፍ አደረጉት። «በቤቴ ውስጥ ሰው የሞተበት ሰው አለ» አሉ። «ሰው የሞተበት በተቀመጠበት ቤት እሳት አይነድም። ማንም ይሁን ማን።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይህን ደግሞ ለእሱ እንዳትነግሪው! ወደድኩት ብሎ ይኩራራብኛል።»

ፓርሚስ ከጎናቸው ተንበረከከች። እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አመድ ዘገኑ። ከሥር ያልሞተ ፍም ጣቷን ለበለባት፤ አልጮኸችም። ዕድሜ ልኳን እናቷን እንደዚያች ሰዓት ወዳት አታውቅም።

ደርዳስ የመጣው በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው። የሱሳ በጋ ቀልድ አያውቅም፤ ገብስ ቢሰጣ ያለ እሳት ይቆላል። በዚያ ፀሐይ ከጦር ሰፈሩ በእግሩ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጠጉሩን ለሐዘን ከሥሩ ቆርጦታል። ሰፊ የሱፍ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ያሽከረክረዋል፤ እንደ ለማኝ።

«ስሜን ያውቅ ነበር» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ። «ከዚያ ሁሉ ሠራዊት መካከል፣ ፓርሚስ። አንዴ በበረሃ ውሃ ጠምቶን ስንሄድ ዞር ብሎ 'ደርዳስ፣ ፈረስህ ያነክሳል' አለኝ። እሱ ራሱ ቆስሎ ነበር።»

«ግባ፤ ፀሐዩ ይጎዳሃል።»

«ልጠይቅሽ የመጣሁት ነገር አለ...»

አንድ እርምጃ ገባ። የማድቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዐይኑ ከምድጃው ላይ ወደቀና እዚያው ቀረ። ፓርሚስ የፊቱን መለወጥ አየች። ፊቱ በር ሲዘጋ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ያሰማ መሰላት።

«ማን አጠፋው?»

«እናቴ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ረዳኋት» አለች ቀና ብላ። የተለበለበ ጣቷን በቀሚሷ ውስጥ ጨብጣለች። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል በአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ እናም ኩራት ተሰማት።

ደርዳስ ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። «ጨዋ ቤት ነው» አለ። «ሳይሳደብ የሚናገር። ለእናትሽ ገብቶኛል በይልኝ።»

«ልትጠይቀኝ የመጣኸውስ?»

«እ? ምንም... ቆቤን ልወስድ ነበር።»

ቆቡ በእጁ ላይ ነው። እሱም አየው፤ እሷም አየችው። ወጥቶ ሄደ።

ያን ቀን በቤቱ የተበላው ቀዝቃዛ እርጎና ቴምር ነበር። ፓርሚስ ግን እንደ ሰርግ ምግብ ጣፈጣት። «ገብቶኛል» ብሏልና። በመጨረሻ አንድ ነገር ያለ ትእዛዝ ተግባብተዋልና።

*

ያንኑ ቀን ማታ ወሬውን ያመጣው ሲራስ ነው። ሲራስ የደርዳስ አገር ልጅ ነው፤ አንድ ጆሮ የጎደለው፣ በጎደለው ፈንታ ምላስ የተጨመረለት ሰው። የደርዳስን ትርፍ ኮርቻ ሊወስድ መጥቶ ከግቢው በር ላይ ጮኸ።

«እመቤት ፓርሚስ! እንኳን ደስ ያለሽ፤ አላገባሽም!»

«ምን አልክ?»

«አላገባሽም። ማንም አላገባም። የጦሩ ሸንጎ ዛሬ አጣርቶ ደረሰበት። በእኛ አገር ሙሽራው ዳቦ በሰይፍ ቆርሶ ከሙሽሪት ጋር ካልበላ ጋብቻ የለም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ዳቦ በሰይፍ የቆረሰ አየሽ? አላየሽም። ወንበር ነው የነበረው። በወንበር የተጋባ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይህን ለማወቅ ዓመት ፈጀባችሁ?»

«ንጉሡ በሕይወት ሳለ ዳቦ ትዝ አላለንም» አለ ሲራስ። «ዐርፎ ሲተኛ ሁላችንንም ባንዴ ራበን።»

ከዚያ ኮርቻውን እያገላበጠ የቀረውን ነገራት። አዲሶቹ የጦር አለቆች ሠራዊቱን ለሁለት ሊከፍሉት ነው። በሱሳ ለጥበቃ የሚቀር ጦሩን መሬት ይትከል፣ ወደ አገሩ የሚሄድ ወደ ላይ ያንሣ ተባለ። የእስያ ሚስቶች ግን ወደ ምዕራብ አይሄዱም፤ አገር ቤት ካሉት ሚስቶች ጋር ጠብ ይሆናል ተብሎ ተከልክሏል።

«ደርዳስስ?» አለች ፓርሚስ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«የመጀመሪያው! ጥያቄው እንኳ አላለቀም ነበር። እኔ በዜውስ ስም ልማል፣ ይቀራል ብዬ ነበር። ጧት 'ቤት ደርሼ አንድ ነገር ጠይቄ ልምጣና እተክላለሁ' ብሎኝ ነበር። መጣና አነሣ። እሱ ሲያነሣ ጎኑ ያለው አነሣ፤ ያ ሲያነሣ የኔ ጎረቤት አነሣ። ታዲያ እኔ ብቻዬን ልትከል?»

«አንተም አነሣህ።»

«ምን ላድርግ! ማንዳናን ቅድም ለአባቷ መልሻታለሁ፣ ከነፍየሏ። ስወጣ ደስ ብሏት ዘፈነች መሰለኝ።»

«ዘፈነች?»

ሲራስ አሰበ። «ፍየሏም ትሆናለች። ከሁለቱ አንዳቸው ድምፅ አሰምተዋል።»

ብቻውን ሳቀ። ሳቁ ማብቃት ከነበረበት ቦታ አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ተቋረጠና ኮርቻውን አንሥቶ ወጣ።

ፓርሚስ «እንኳን ደስ ያለን» ያለችው ለባዶው በር ነው። ወደ እልፍኙ ገባች፤ የደርዳስን ልብሶች አንድ በአንድ እያጠፈች መደርደር ጀመረች። አንዱን ካባ ከአፍንጫዋ ጋር ስታስጠጋ ራሷን ያዘችውና እንደ ሌባ ዙሪያዋን አየች።

*

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ጨዋነት እንደ ወረርሽኝ ገባ። ደርዳስ ስንቁን ሊያሰናዳ ሲመጣ «ይቅርታ» ብሎ ይገባል፤ ፓርሚስ «ምንም አይደል» ብላ ታሳልፈዋለች። እሱ «ከእንግዲህ ዐረፍሽ» ይላል፤ እሷ «አንተም አገርህን ልታይ ነው» ትላለች። ሁለቱም እየሳቁ ነው የሚናገሩት፤ ጥርስ ብቻ የሚስቀውን ሳቅ። እናትየው ይህን ሁሉ ከመስኮት እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ባጋዶስ እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አንድ ጧት «መቄዶናዊው መጥቷል» ያለው እንደ ማንም ሰው ነው፣ ሰሚ አላገኘም።

የመጨረሻዋ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፓርሚስ ከጣራው ላይ ነበረች። የሱሳ ጣራ ለሙቀቱ መከላከያ አፈር በወፍራሙ ይለበሳል፤ አትክልት ሳይኖርበት የአትክልት ቦታ ይመስላል። ደርዳስ የተሰፋውን ካባ ሊቀበላት ወጣ። ካባውን ሰጠችው። ተቀበለ። መሄድ ሲገባው አልሄደም። ወደ ማድቤቱ ጭስ መውጫ አየ።

«እስካሁን አልለኮሳችሁትም» አለ። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው አይደል?»

«ሐዘኑ ሲወጣ እንለኩሳለን።»

«የማን ሐዘን?»

«የንጉሥህ ነዋ! የማን ይሆናል?»

ደርዳስ ካባውን እንደያዘ ቀረ። ከታች መንገድ ላይ የአንድ ውሃ ሻጭ ጩኸት መጥቶ አለፈ።

«የንጉሤ?» አለ።

«ንጉሥ ሲሞት ምድጃ ይታፈናል። አታውቅም?»

«የመቅደሱን እሳት አውቃለሁ። የቤት ምድጃ...» ወደ እሷ ዞረ። «ፓርሚስ፤ በእኛ ተራራ አማት ምድጃዋን ካጠፋች፣ አማቿም መጥቶ ካየው፣ 'ከዛሬ ወዲያ ለአንተ የሚበስል የለም' ማለት ነው። አይሰዳደቡም፤ አይጯጯሁም። እሳቱ ይጠፋል፤ ሰውየው ይሄዳል። ጨዋ ሰዎች እንዲህ ነው የሚለያዩት።»

ፓርሚስ በመጀመሪያ ያልገባት መሰላት። ከዚያ ገባት፤ ሲገባት የጣራውን ጠርዝ ያዘች።

«እናቴ ያጠፋችው ለአንተ ነው» አለች። «ስለ አንተ ሐዘን ብላ። ባሏን ለገደለ ንጉሥ አመድ በእጇ ዘግና እሳቷን ያለበሰችው... ለአንተ ነው!»

«አንቺም ረዳኋት አልሽኝ።»

«ረዳኋት! ጣቴ ተለብልቦ ነው የረዳኋት! ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?»

ደርዳስ ቁጭ አለ። የተቀመጠ ሳይሆን የፈረሰ ይመስላል።

«ያን ቀን የመጣሁት ልጠይቅሽ ነበር» አለ ወደ መሬት እያየ። «ያዘዘን ሰው ሞቷል። ትእዛዙም አብሮት ሞቷል። ያለ ትእዛዝ ትፈልጊኛለሽ ወይ ልልሽ። መንገዱን ሁሉ ቃሉን በቋንቋሽ እያጠናሁ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅክም?»

«መልሱን ከበሩ አየሁታ።»

«ያየኸው አመድ ነው፣ አንተ ሰው! አመድ!» ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «አሁን ጠይቀኝ።»

«ጦሬን አንሥቻለሁ።»

«ጠይቀኝ ነው የምልህ።»

«በሠራዊት ፊት የተነሣ ጦር አይወርድም፣ ፓርሚስ። ያወረደ ሰው በድንጋይ ይወገራል። ተደብቄ ብቀር ደግሞ ይህን ቤት ነው የሚያቃጥሉት። እናትሽን...»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ያጠናኸውን ቃል ንገረኝ።»

ደርዳስ ቀና አለ። ዐይኖቹ ቀልተዋል፤ ግን ከእሷ ላይ አላነሣቸውም። በተሰባበረው ፋርስኛው፣ ትምህርቱን እንደሚደግም ተማሪ ቃል በቃል ተናገረ።

«ያለ ትእዛዝ... ትወጂኝ ነበር?»

«ነበር አትበል።»

«ትወጂኛለሽ?»

«እወድሃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከበለሱ።»

«እኔ ከድንኳኑ» አለ። «ስስምሽ ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።»

ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሯቸው ሳይወጣ ሌላ ነገር ሆነ። ፓርሚስ አጠገቡ ተቀመጠችና የተቆረጠ ጠጉሩ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ትመለሳለህ?»

«ውሸት ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ።»

ያን ጊዜ ነው ከደረጃው በኩል እመቤት ኢርዳባማ የወጡት። ምን ያህል እንደሰሙ ፊታቸው ይናገራል። ከኋላቸው ባጋዶስ ልማዱ ነውና በትሩን አንሥቶ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አሉት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን በቀጥታ ወደ ደርዳስ ቀሰሩ። «አንተ! አንተ ደንቆሮ! ዓመት ሙሉ ምስሬን ስትበላ ነበር፤ አፍ አለህ ማለት ነው! መጠየቅ አትችልም ነበር?»

ደርዳስ ተነሥቶ ቆመ። «እርስዎም አላናገሩኝም፣ እመቤቴ።»

«እኔማ ባሌ ሞቶብኛል! ያንተ ሰበብ ምንድን ነው?»

እናትየው መልስ አልጠበቁም። በዚያ ጣራ አፈር ላይ ከነሐር ልብሳቸው ተቀመጡና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሦስቱም የሚወቅሱት ሰው ፈልገው አጡ። ጠላት ቢኖር እንዴት በቀለለ ነበር! ያለው ግን ሁለት ደግ ልማድ ብቻ ነው፤ አንዱ በተራራ የተወለደ፣ አንዱ በሜዳ።

*

ጧት እመቤት ኢርዳባማ ልጃቸውን ራሳቸው አለበሷት። ወርቁን፣ ሐምራዊውን ካባ፣ ሁሉንም።

«በወንዙ ዳር ማንም እንዳያለቅስ» አሉ። «ሁሉም ሰው ያያል። ጣልናችሁ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ተገላገልናችሁ ብለን እንሸኛቸዋለን። ከዚያ ቤት ገብተን የሆነውን እንሆናለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

«እሺ፣ እማማ።»

ይህን ምክር የሰጡት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ለአባቶቻቸው የተመለሱት ሚስቶች ሁሉ ከወንዙ ዳር ነበሩ፤ ሁሉም ባማረ ልብሳቸው፣ ሁሉም ዐይናቸውን ተኩለው። ጮክ ብለው ይጫወታሉ። አንዷ «ከእንግዲህ የወይን ጠረን ሳላሸት እተኛለሁ» ስትል ሌሎቹ እጃቸውን አጨበጨቡ። የሲራስ ማንዳና፣ አጭሯ፣ ከሁሉም በላይ ትስቃለች። ሠራዊቱም በበኩሉ ይዘፍን ነበር፤ ስለ አገር ቤት ተራራና አገር ቤት ስላለች ቆንጆ። የወንዙ ድልድይ ጀልባዎችን ጎን ለጎን አስሮ፣ ሳንቃ ረብርቦ የተሠራ ነው፤ ጠባብ ነው። ፈረሰኞቹ አንድ በአንድ ሰልፍ ይዘው ገቡበት።

ደርዳስ የመጀመሪያዎቹን እየመራ አለፈ። ፓርሚስ አጠገብ ሲደርስ ጭንቅላቱን እንደ መኮንን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ፤ እሷም እንደ እመቤት ተቀበለች። ፊቷ ላይ ፈገግታው ነበር። ጥርሷን ነክሳ ይዛው ነው። የፈረሱ ኮቴ ሳንቃው ላይ እየራቀ ሲሄድ እያንዳንዱ ምት ደረቷ ውስጥ ይገባ ነበር። በማዶ ወጣ። ወደ ኋላ አልዞረም። ደግ አደረገ፤ ቢዞር ኖሮ አትችለውም ነበር።

ከዚያ ሲራስ ድልድዩ ውስጥ ገባ።

እንደ ልማዱ እየቀለደ ነበር፤ ከፊቱ የሚሄደውን ሰው አንድ ነገር ብሎ አስቆታል። መካከል ሲደርስ ከፈረሱ ወረደ። ልጓሙን ለማንም አልሰጠም፤ ለቀቀው። ፈረሱ ብቻውን ወደ ማዶ ሄደ። ሲራስ የራስ ቁሩን አወለቀና በጎኑ አኖረው፤ ጫማውን ፈታ። ማታ ከሥራ ቤቱ እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ ሳንቃው ላይ ተቀመጠ።

«ሲራስ! ምን ሆነሃል? ተነሥ!» አለ ከኋላው ያለው።

ሲራስ አልተነሣም። ከኋላ ያሉት ቆሙ፤ ከነሱ ኋላ ያሉትም ቆሙ። አንድ አለቃ በትር ይዞ በሰዎች መካከል እየተጋፋ ደረሰ። በትሩን አነሣ። የሲራስን ፊት አየ። በትሩን አወረደና እዚያው አጠገቡ ቆሞ ቀረ፤ የሚሄድበት እንደጠፋበት ሰው።

ዘፈኑ ከድልድዩ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ። ሁሉም ዝም ሲል ውሃው ከጀልባዎቹ ሥር ሲያልፍ ይሰማ ነበር። ሲራስ አያለቅስም። እግሩን አንፈራጥጦ ወደ ሱሳ ዳር ያያል፣ ወደ ሴቶቹ፣ ወደ አንዲት አጭር ሴት። ማንዳና የጀመረችውን ሳቅ ሳትጨርሰው አፏ ተከፍቶ ቀረ። የተኳለው ዐይኗ ጥቁር እንባ አወረደ፤ አልጠረገችውም።

እመቤት ኢርዳባማ የልጃቸውን እጅ ያዙ። አጥብቀው ነው የያዙት፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። ፓርሚስ ወደ እናቷ ዞር አለች። እሳቸው ያወጡትን ሕግ ከልጃቸው አስቀድመው አፍርሰውታል።

ከዚያ ከሠራዊቱ መካከል ሌላ አንድ ሰው ተቀመጠ። ማንም አላዘዘውም። ጋሻውን አጋድሞ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ከሱ ራቅ ብሎ ሌላ። አለቃው በትሩን ጣለና እሱም ከሲራስ ጎን ቁጭ አለ። ጦር ያወረደ የለም፤ ጦሮቹ ሁሉ እንደተነሡ ናቸው፣ ሰዎቹ ብቻ ናቸው ከሥራቸው አንድ በአንድ የሚቀመጡት።

በማዶ ደርዳስ ከፈረሱ ወረደ። ፊቱን ወደ ፓርሚስ አዞረና አፈሩ ላይ ተቀመጠ።